ምዕራፍ 7፦ የሚንኳኳ ገላ

ሦስት ማንኳኳቶች

ቀጨኔ አካባቢ ሸክላ የሚገዛ ሰው ከዕቃው መልክ ይልቅ ድምፁን ያምናል። ጀበናውን ወይም ድስቱን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ በሌላው እጁ ጣት ቆርቆር ያደርገዋል። ድምፁ ጥርት ብሎ ከጮኸ ዕቃው ጤነኛ ነው። ታፍኖ ከመለሰ የሆነ ቦታ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለችበት። ዓይኑ ሊገባበት ያልቻለውን የዕቃውን ሆድ ገዢው በጆሮው ይጎበኛል። ሐኪምም የበሽተኛውን ደረት የሚመረምረው እንዲሁ ነው። አንዱን መዳፍ ደረቱ ላይ ዘርግቶ በሌላው እጁ ጣት መታ መታ ያደርጋል፤ ሳንባው አየር ከያዘ ድምፁ ክፍት ይሆናል፣ ውሃ ከቋጠረ ድፍን ይሆናል። ደረትን እያንኳኩ መመርመርን እ.ኤ.አ. በ1761 በመጽሐፍ ያስተዋወቀው ሊዮፖልድ አውንብሩገር የተባለ ኦስትሪያዊ ሐኪም ነው። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ነበረውና የወይን ጠጅ በርሜል እየተንኳኳ ምን ያህል እንደቀረበት ሲታወቅ እያየ እንዳደገ ይነገርለታል። ሦስተኛውን ማንኳኳት ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንግዳ የሰው ደጃፍ ሲደርስ የሚያደርገው ነው።

ሸክላው፣ ደረቱና በሩ አንድ የሚጋሩት ነገር አለ። ሦስቱም ውስጥ አላቸው። ጠጣር አለት የሚያንኳኳ ሰው የለም፤ ቢያንኳኳም የሚያገኘው መልስ የለም። የምናንኳኳው ከግድግዳው ወዲያ የማናየው ነገር እንዳለ ስለምናውቅ ነው። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብም ከዚህ ይነሳል። የሰው ገላና የሰው ቤት የሚዛመዱት በመልክ አይደለም። ቤት እግር የለውም፣ ሰውም የቆርቆሮ ክዳን የለውም። የሚዛመዱት ሁለቱም ግድግዳ የተበጀላቸው ውስጦች በመሆናቸው ነው። ገላን ከቤት ጋር የሚያዛምዱ ቀራፂዎች ሥራቸው የተሳካው ልንገባበት የማንችለውን ውስጥ እንድናስብ ሲያደርጉን ነው ብዬ እከራከራለሁ።

በምዕራፍ 2 ቅርጽ የሚወጣባቸውን ሁለት መንገዶች አይተናል፤ እንደ ድንጋይ ጠራቢ ቀንሶ፣ ወይም እንደ ጭቃ ሠሪ ጨምሮ። በምዕራፍ 5 ደግሞ ባዶ ቦታ የቅርጹ አካል እንደሆነ፣ ለምሳሌ ወገቡን በያዘ ሐውልት ክንድና ጎን መካከል ያለችው ቀዳዳ እንደ ክንዱ ሁሉ የታሰበባት እንደሆነች ተነጋግረናል። ያ የውጪው ባዶ ነበር። አሁን ወደ ውስጡ እንግባ።

ሸክላ ሠሪዋ የምትሠራው ባዶውን ነው

የአዲስ አበባው ጉለሌ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ግርጌ የተዘረጋ ነው። በውስጡ የሚገኘው ቀጨኔ በሸክላ ሥራ የታወቀ ሰፈር ሲሆን ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ነው። የሚሽከረከር መሣሪያ የለም። ሠሪዋ የቦካውን ሸክላ በእጇ እያድቦለቦለችና እየደራረበች ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ታሳድገዋለች፣ በመዳፏ ታለሰልሰዋለች፣ ጠፈፍ ሲል በጠጠር ታሻሸዋለች፣ ከደረቀ በኋላም በእሳት ታበስለዋለች። ያለቀው ዕቃ የሰው ስም አለው። እንስራ አፍ፣ አንገት፣ ሆድና ጆሮ አለው፤ ጀበናም እንዲሁ። የሸክላ ስባሪ ገል ይባላል፤ የሰው አካል ደግሞ ገላ ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ሥር አላቸው ብዬ አልከራከርም፤ ሰው ከአፈር ተበጀ ብሎ በሚያምን አገር ግን የድምፃቸው ቅርበት ጆሮ ላይ ሳይከብድ ይቀመጣል።

እንስራ የሚገዛ ሰው የሚፈልገው ውሃ የሚቀመጥበትን ባዶ ነው። ሸክላው ራሱ የባዶው ድንበር ነው። ስለዚህ ሠሪዋ ሁለት እጆቿን በአንድ ጊዜ ታሠራለች። አንዱ ከውጪ ሲደግፍ ሌላው ከውስጥ ይገፋል፤ ግድግዳው በሁለቱ መካከል ይወለዳል። ውፍረቱ ወጥ መሆን አለበት። አንዱ ጎን ወፍሮ ሌላው ከሳሳ ሲደርቅ እኩል አይኮማተርም፣ በእሳት ውስጥም ይሰነጠቃል። በወፍራሙ ክፍል የቀረች እርጥበት በሙቀት ወደ እንፋሎት ስትቀየር መውጫ ካጣች ዕቃውን ታፈነዳዋለች።

ይህ የሙያ ሕግ ቀራፂውንም ያዘዋል። የሰው ምስል በሸክላ ሠርቶ በእሳት ማብሰል የሚፈልግ ቀራፂ ምስሉን ድፍን አድርጎ ሊተወው አይችልም። ውስጡን ይፍቀዋል፤ ግድግዳው ስስ እስኪሆን ድረስ ያጎደጉደዋል፤ አየርና እንፋሎት የሚወጣባት ቀዳዳም በማይታይ ቦታ ይተውለታል። ትልልቅ የነሐስ ሐውልቶችም ድፍን አይደሉም፤ ነሐሱ እንደ ቅርፊት ስስ ሆኖ ነው የሚፈሰው። አደባባይ ላይ ቆሞ ጡንቻው የተወጠረ የሚመስለው ጀግና ውስጡ ክፍል ነው። የሰውን ምስል እንበጅ ብለው የተነሱ ሰዎች ሳያስቡት ቤት ሠርተው ተገኝተዋል፤ ያስገደዳቸውም ዕቃው ራሱ ነው።

ቋሚ፣ ማገርና ምርጊት

ቤት ሠሪውስ? በጉለሌ ቀደምት ሰፈሮች የበዛው ጭቃ ቤት አሠራሩ ለዓይን ግልጽ ነው። መጀመሪያ ቋሚዎች ይተከላሉ፤ ብዙውን ጊዜ የእንጦጦን ተዳፋት የሸፈነው ባህር ዛፍ ነው። ቋሚዎቹ በማገር ይታሰራሉ። ከዚያ አፈር ከጭድ ጋር ይቦካል። ጭቃ ይቦካል እንላለን፣ እንደ ሊጥ፤ ቀናት ሰንብቶ ሲበስል በእጅ እየተመታ ግድግዳው ይመረጋል። ምርጊቱ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ በደቃቁ ጭቃ ይደፈናል፤ ከዚያ ይለሰናል፣ ቀለም ወይም ኖራ ይቀባል። አጥንት፣ ጅማት፣ ሥጋና ቆዳ በየተራቸው ይመጣሉ።

እዚህ ላይ ጭዱ የሚሠራውን ሥራ ማስተዋል ይገባል። ጭቃ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ይበጠሳል። ጭዱ በውስጡ እንደ ጅማት ተበትኖ ከሁለቱም ወገን ጨብጦ ይይዘዋል። ኮንክሪትም ይኸው ድካም ስላለበት ነው ግንበኛ ፌሮ የሚያስርለት። አጥንታችንም ብርታቱን የሚያገኘው ከሁለት ነገሮች ጥምረት ነው፤ ጫናን ከሚችል ጠንካራ ማዕድንና መሳብን ከሚችል ክር መሰል ነገር። በጭቃ ትልቅ ምስል የሚሠራ ቀራፂም በባዶ ሜዳ አይጀምርም፤ በሽቦና በእንጨት አጽም ያቆምና ጭቃውን በላዩ ይመርጋል። ይህ አጽም በሙያው አርማቸር ይባላል፤ የጉለሌ ቤት ሠሪ ቢያየው ግን ቋሚና ማገር ብሎ ይጠራው ነበር። እንዲህ ያለው ምስል ለእሳት የሚሰጥ አይደለም፤ ቅርጹ ተቀድቶ በሌላ ማዕድን የሚፈስበት ንድፍ ነው። ስለዚህ ቀደም ብለን ካየነው የሸክላ ሕግ ጋር አይጋጭም።

ተመሳሳይነቱ በአሠራር ብቻ አያበቃም፤ በአኗኗርም ይቀጥላል። ጭቃ ቤት ክረምት በወጣ ቁጥር ይታያል። የተላጠው ይመረጋል፣ ወለሉ ይለቀለቃል፣ የቆርቆሮው ቀዳዳ ይደፈናል። ሰው የማይኖርበት ቤት ቶሎ ያረጃል ይባላል፤ ምስጢሩም ቀላል ነው። ጭስ የለም፣ የሚያናፍሰው የለም፣ ትንሽ ስንጥቅ ሳይሰፋ የሚያይ ዓይን የለም። ገላም ካልታጠበ፣ ካልተመገበና ካልታከመ የሚሆነው ይኸው ነው። ሁለቱም አንድ ጊዜ ተሠርተው የሚቆዩ ዕቃዎች አይደሉም፤ በየዕለቱ የሚጠበቁ ሥራዎች ናቸው።

ነገሩ ቃል ብቻ ቢሆንስ?

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቆመኝ ይገባል። «ቤት ግንባር አለው፣ ጎን አለው፣ ጀርባ አለው ማለትህ ነው፤ ጠረጴዛም እግር አለው፣ መርፌም ዓይን አላት፣ መጋዝም ጥርስ አለው። ከጠረጴዛ እግር ተነስቶ ጠረጴዛ ሰው ነው የሚል የለም።» ተቃውሞው ትክክል ነው። ቃል መዋስ ብቻውን ዝምድና አያስረዳም፤ ሰው ለአዲስ ነገር ሁሉ ስም የሚያወጣው ከገዛ አካሉ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው ብድሩ እስከ የት እንደሚሄድ ስንከታተል ነው። የጠረጴዛ እግር እግር ሆኖ ይቀራል፤ ጠረጴዛ ተጎዳ ወይም ራበው አንልም። በቤትና በገላ መካከል ግን ቃላቱ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። ቤት ከገላ አፍ ተውሶ ደጃፍ አለው፤ የደጅ አፍ ማለት ነው። ገላ ደግሞ ከቤት ዕቃ ተውሶ ሆድ ዕቃ አለው፣ የራስ ቅል አለው፤ ቅል ጓዳ ውስጥ የሚቀመጥ መያዣ ነው። ብዙ የሚችል ሰው ሆደ ሰፊ ይባላል፣ ክፍሉ እንደበዛ ቤት። የትዳር ጓደኛ ባለቤት ነው፣ ዘመድ ቤተሰብ ነው፣ ማግባት ጎጆ መውጣት ነው።

ከሁሉ በላይ አንድ ቃል ሁለቱን ያስተሳስራቸዋል፤ ገመና። ልብስ የሚሸፍነው የገላ ገመና አለ፣ ግድግዳ የሚሸፍነው የቤት ገመና አለ። ድህነት፣ ጠብ፣ በሽታና ባዶ ሌማት ጣራ ሥር ይቀመጣሉ። ጠረጴዛ ገመና የለውም። ገመና ያለው ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ ውስጥ ማለትም ከሌላው ዓይን የሚጠበቅ ማለት ነው። እንግዳው የሚያንኳኳውም ለዚህ ነው፤ የሰው ገመና ደጃፍ ላይ መቆሙን ያውቃል። ስለዚህ ለጠንቃቃው አንባቢ የምመልሰው፣ ማስረጃዬ ቃላቱ መኖራቸው ሳይሆን ቃላቱ የሚጠብቁት ነገር አንድ መሆኑ ነው እላለሁ።

የማይከፈተው በር

ቃልን ትተን ወደ ድንጋይ እንሂድ። ቤትን በቅርጽ ሠርቶ በገላ ፈንታ ማቆም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በአክሱም ከ1,700 ዓመታት ገደማ በፊት ተደርጓል። ትልልቆቹ የአክሱም ሐውልቶች ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ፎቆች ናቸው። ከሥር በር አላቸው፣ ከላይ በየደርቡ መስኮቶች፣ በደርቦቹ መካከል ደግሞ በእውነተኛው የአክሱም ሕንፃ ከግድግዳው ወጣ ብለው ይታዩ የነበሩት ክብ የእንጨት ጫፎች አሉ። የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች እነዚህን ጫፎች የዝንጀሮ ራስ ይሏቸዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ሐውልት 33 ሜትር ገደማ ርዝመትና ወደ 520 ቶን ክብደት ሲኖረው 13 ፎቆች ተቀርጸውበታል፤ አሁን ተሰባብሮ ተኝቷል። 24 ሜትር የሚሆነው ሌላው እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. ተመልሷል፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ዳግም ቆሟል።

እነዚህ ድንጋዮች የቆሙት በመቃብር ቦታ ነው። ከሥራቸው ገላ አለ፣ ከላይ ቤት ይታያል። በሩ መዝጊያና መቀርቀሪያው ሳይቀር ተቀርጾበታል፤ ነገር ግን ድፍን ድንጋይ ነው፣ አይከፈትም። እዚያው አክሱም ከሐውልቶቹ አጠገብ የተገኘ አንድ መቃብርም እንዲሁ በድንጋይ የተቀረጸ የይስሙላ በር ስላለው በዚያው ስም ይጠራል። ቀራፂው በር መክፈት አቅቶት አይደለም። ከባለሙያ በላይ የሆነ ባለሙያ ነበር። የተከፈተ በር ቢሠራ ኖሮ ተመልካቹ አጮልቆ አይቶ ይሄድ ነበር። ዝግ በር ሲያቆም ግን ከወዲያ ውስጥ እንዳለ፣ ውስጡም የማንገባበት እንደሆነ በአንድ ጊዜ ነገረን። ሞት ለሕያዋን እንዲህ ነው የሚታየው።

በደቡብ ደግሞ ምትኩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። በጌዴኦ ምድር ከቆሙት ትክል ድንጋዮች አንዳንዶቹ የሰው ፊት ተቀርጾባቸዋል፤ ኮንሶዎችም ለታላላቅ ሟቾቻቸው ዋካ የሚባለውን የእንጨት ምስል ያቆማሉ። ሰሜኑ ለጠፋው ገላ ቤት ሲያቆም ደቡቡ ገላ አቆመ። የአዲስ አበባ መካነ መቃብሮች ሁለቱንም ወርሰዋል። ከታወቁት አንዱ በሆነው በጉለሌው ጴጥሮስ ወጳውሎስ ሐውልት የሚለው ቃል የመቃብር ድንጋይን ይጠራል፤ ያው ቃል አደባባይ ላይ የቆመ የሰው ምስልም ነው፣ የአክሱም ድንጋይም ነው። በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የምናየው የቤተሰብ መቃብር ደግሞ ስሙ መቃብር ቤት ነው። ቋንቋው ገላውና ቤቱ የት ላይ እንደሚለያዩ ለመወሰን የቸኮለ አይመስልም።

ከሽሮ ሜዳ እስከ ጨንቻ

እስካሁን ያየነው ግድግዳ ጠንካራ ነበር፤ ጨርቅስ ግድግዳ ይሆናል? ከቀጨኔ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ጉለሌ ውስጥ፣ ሽሮ ሜዳ አለ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ መነሻቸው ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ ነው። በእጃቸው ድርና ማግ ተገናኝተው ነጠላና ጋቢ ይሆናሉ። የዶርዜ ሰው በአገሩ፣ በጨንቻ አካባቢ፣ ቤቱንም ይሸምነዋል። የተሰነጠቀ ቀርከሃ ቁመቱን ድር፣ አግድሙን ማግ አድርጎ ከመሬት እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይጎነጉነዋል፤ ከላይ በእንሰት ቅጠል ወይም በቀርከሃ ገለባ ያለብሰዋል። ፊቱ ወደ ውጪ ወጣ ያለ መግቢያ ስላለው የዝሆን ራስ ይመስላል ይባላል። ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል።

ይህ ቤት እንደ ሰው ያረጃል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ክፍል ይቆረጣል፣ ቤቱም ዝቅ ይላል። ዓመት በዓመት ላይ ሲደመር ረጅሙ ቤት እያጠረ ይሄዳል፤ ያረጀ ሰው ወገቡ እንደሚጎብጥ። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ሰዎች ተሸክመውት ይሄዳሉ። ጋቢና የዶርዜ ቤት በአንድ ሐሳብ ተሠርተዋል፤ አንዱ ለአንድ ገላ የሚበቃ ቤት ነው፣ ሌላው ለቤተሰብ የሚበቃ ልብስ። ጋቢውን ተከናንቦ ደጅ የተቀመጠ ሽማግሌ ግድግዳውን ይዞ ወጥቷል ማለት እንችላለን።

ኮሪያዊው ቀራፂ ዶ ሆ ሱህ በሌላ መንገድ እዚሁ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሴኡል የሚገኘውን የወላጆቹን ቤት በሙሉ ልኩ ከሐር ሰፋው። ግድግዳው ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲታጠፍ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ከአገር አገር ይጓዛል። ከአገሩ የራቀ ሰው ቤቱን እንደ ልብስ ማጠፍ መመኘቱን ከጨንቻ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ ለኖረ ሸማኔ ማስረዳት አያስፈልግም። የሐሩ ቤት ግን አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ገመና አይሸፍንም። ሁሉም ነገር ከውጪ ይታያል። ኀዘኑም ውበቱም ከዚያ ይመጣል። ቤቱ ከነመስኮቱ አለ፤ ሊደብቀን ግን አይችልም።

የእመቤት ጭነት

ዝምድናውን እስካሁን በመልካም ጎኑ አይተነዋል። ቤት ይሸፍናል፣ ያሞቃል፣ ያከብራል። ሆኖም ግድግዳ የሚጠብቀውን ያህል ያግታል፤ ቀራፂም ይህን ካላየ ግማሹን ብቻ አይቷል። እመቤት የሚለው የክብር ስም እመ ቤት፣ የቤት እናት ማለት ነው። ሴትን ከቤት ጋር ያጣምራታል። የቤት እመቤት ስንል ደግሞ ክብሩ ወደ ሥራ ድርሻ ይወርዳል። ግድግዳውን የሚመርገው፣ ወለሉን የሚለቀልቀው፣ እንስራውን የሚሸከመው እጅ በብዛት የማን እንደሆነ ስናስብ የቤትና የገላ ንጽጽር ለሁሉም ሰው እኩል እንዳልተከፈለ እናያለን።

ፈረንሳይ ተወልዳ ኒው ዮርክ የኖረችው ሉዊዝ ቡርዥዋ ይህን እ.ኤ.አ. በ1946 እና 1947 ሳለችው፣ በኋላም በእብነ በረድ ቀረጸችው። ሥራዎቹ «ሴት ቤት» እንደማለት የሆነ ስም አላቸው። ከወገብ በታች የሴት ገላ ነው፤ ራሷና ደረቷ ሊኖር በሚገባበት ቦታ ግን ቤት ተቀምጧል። ከቤቱ የተነሳ ማየት አትችልም፤ ከሥሩ ያለው ራቁቷ ደግሞ ለሁሉም ይታያል። በገመና ቃላችን ብናነበው ነገሩ ይጠራል። ቤቱ የሴትዮዋን ፊት ሸፍኖ ገላዋን አጋልጧል፤ ሊሸፍን የሚገባውን ትቶ ሊገልጥ የሚገባውን ደበቀ። ግድግዳው አለ፣ ሥራውን ግን ገልብጦታል። ቡርዥዋ ያሳየችን ሴት ቤት እንደምትመስል ሳይሆን ቤት ሲሆኑ ምን እንደሚጠፋ ነው።

ገመና አደባባይ ሲወጣ

እንግሊዛዊቷ ሬቸል ዋይትሪድ ደግሞ ባዶውን ራሱን አጠጠረችው። እ.ኤ.አ. በ1993 በምሥራቅ ለንደን ጎረቤቶቹ የፈረሱበትን አንድ ተራ ቤት ወሰደች፤ በውስጥ ግድግዳዎቹ ላይ የብረት መረብ አስወጥራ ኮንክሪት አስረጨችበት፤ ሲደርቅ የውጪውን ጡብ አስነቀለች። የቀረው ቤቱ አልነበረም፤ በቤቱ ውስጥ የነበረው አየር ቅርጽ ነበር። የእሳት ምድጃው ጉድጓድ ጉብታ ሆነ፣ መስኮቱ አበጠ፣ የበሩ እጀታ ጠባሳ ሆነ። ሥራው በ1994 መጀመሪያ ላይ ፈረሰ። ዋይትሪድ ግን በዚያው በ1993 የብሪታንያን ታዋቂውን የተርነር ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ለንደን መሄድ አያስፈልገውም። ሰፈር ሲፈርስ ግማሽ ግድግዳ ቆሞ ይቀራል። የመኝታ ክፍሉ ቀለም፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው አሮጌ ጋዜጣ፣ የሥዕል ምስማር፣ ክራር ተሰቅሎበት ስለነበር ጭስ ያላጠቆረው ቦታ ለመንገደኛው ሁሉ ይታያል። አላፊው ዓይኑን ይሰብራል፤ የሰው ገላ ሳይሸፈን ያየ ያህል ነው። እንዲህ የሚያሳፍረው ግድግዳው አይደለም፤ ትናንት ውስጥ የነበረው ውጪ መሆኑ ነው። ዋይትሪድም በተጠነቀቀ እጅ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ወደ ውስጥ ልንገባ አንችልም፣ ምክንያቱም ውስጡ ተሞልቷል። የአክሱሙ ቀራፂ በር ዘግቶ ያደረገውን እሷ ክፍል ደፍና አደረገችው።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ ዶ ሆ ሱህና ዋይትሪድ ቀራፂዎች ናቸው፣ የቀጨኔ ሸክላና የዶርዜ ቤት ግን ዕደ ጥበብ ናቸው፤ እንዴት በአንድ ምዕራፍ ይቀመጣሉ? ልዩነቱ አለ። የእንስራው ሠሪ ስለ ባዶነት እንድናስብ ብላ አልሠራችም፤ ውሃ እንዲይዝ ነው የሠራችው። ነገር ግን ሐሳብ በእጅ ሲሠራ ከአፍ ሲነገር ያነሰ ሐሳብ አይሆንም። አማርኛ ጥበብ በሚለው ቃል ዕውቀትንም፣ ኪነትንም፣ የቀሚስ ጥለትንም ይጠራል። ጠይብ የሚለውን ስም ስድብ ያደረገው፣ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭን ቡዳ ብሎ ያገለለው ኅብረተሰብ በእነዚያው እጆች ጀበና ቡናውን ሲጠጣ ኖሯል። የእኛ መጽሐፍ ያንን አጥር መልሶ የሚያጥርበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ነው። ጭቃ ቤት ገላ ይመስል ነበር እንበል፤ ኮንዶሚኒየምስ? ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ማዕዘኑ ስለት፣ የማንም እጅ ያልዳሰሰው ነው። መልሴ ዝምድናው ተደበቀ እንጂ አልጠፋም የሚል ነው። ፌሮው አጥንት ነው፣ ቧንቧና ሽቦው በግድግዳው ውስጥ ይሄዳሉ፣ ብሎኬቱ ራሱ ሆዱ ባዶ ነው። እንግሊዛዊው አንቶኒ ጎርምሌይ እ.ኤ.አ. በ1996 የስዊድን ከተማ የማልሞ ነዋሪዎች የሆኑ 300 ሰዎችን ለክቶ ለእያንዳንዳቸው በልካቸው የኮንክሪት ሣጥን ሠራ፤ በአፍና በጆሮ ቦታ ቀዳዳ ያላቸው ሣጥኖች ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ የሕንፃ ሰፈር ይመስላሉ፤ ሲቀርቡ ግን አንዱ ልጅ ነው፣ አንዱ ረጅም ሰው ነው። በመካኒሳ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው የዞማ ሙዚየም ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይሄዳል። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ያቆሙት ይህ ቦታ ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ በእጅ እየተቀረጸ የተመረገው ግድግዳ ቤት ነው ወይስ ቅርጽ ብሎ መለየት ያስቸግራል። ኤልያስ ስሜ በሌላ ሥራው የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦን እየጎነጎነ ግድግዳ የሚያክል ሥራ ይሠራል። የዘመኑ ዕቃ ውስጥ የሚደብቀውን ጅማት አውጥቶ ይሸምነዋል።

እጅ ወደ ግድግዳው ሲዘረጋ

ከዚህ ምዕራፍ አንባቢው ይዞት የሚሄድ አንድ መመዘኛ አለ። ገላን ከቤት ጋር የሚያዛምድ ሥራ ፊት ስትቆሙ መስኮቱ ዓይን ይመስላል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ያ የልጅ ጨዋታ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ማንኳኳት ያሰኛችኋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የአክሱም በር ያሰኛል። የዋይትሪድ ድፍን ክፍል ያሰኛል፣ መልስ እንደማይመጣ እያወቅነው። የቡርዥዋ ሴት በተሸከመችው ቤት በር ላይ ብናንኳኳ ከውስጥ ማን «ማነው?» እንደሚል አናውቅም። በሚቀጥለው ምዕራፍ ቀራፂው ግድግዳውን ጨርሶ ሲተውና በብርሃንና በድምፅ ብቻ ክፍል ሲሠራ እናያለን፤ ያኔ ያለ ግድግዳ ውስጥ ሊኖር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ይጠብቀናል።

ቀጨኔ ያለች አንዲት ገዢ ግን እስከዚያ አትቆይም። ጀበናውን አንኳኩታ ሰምታዋለች፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ዋጋውን ከፍላ በነጠላዋ ጠቅልላ ትወስደዋለች፣ ጓዳዋ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ በኋላ ጀበናው የሚንኳኳ አይሆንም፤ ሌላ ሰው ደጃፏን አንኳኩቶ ቡና ተፈልቶ እስኪቀዳ ድረስ ይጠብቃል።